ከውጭ ብቻ የተበየደ ቱቦ

ሰሞኑን ሰፈራችን ተቆፍሯል። የውሃ መሥመር ሊቀይሩ ነው አሉ፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ እኛ በር ድረስ ቦይ ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት የምንጠያየቀው በተጋደመ ጣውላ ላይ እየተራመድን ነው። ትናንት ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም የሚቃጠል ብረት ሽታ መጣብኝ። ሌላ ሰው ይህ ሽታ ሲመጣ አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ምስሩን አስቀምጬ ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። አንድ ወጣት ቦዩ ዳር ተንበርክኮ ቱቦ ከቱቦ ጋር ይበይዳል።

"እማማ፣ አይመልከቱ! ዓይንዎን ይመታዎታል!" አለኝ ማስኩን ገለጥ አድርጎ።

"የኔ ዓይን ሲመታ እናትህ ገና አላገባችም ነበር፤ ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ጎንበስ ብዬ ቱቦውን በእጄ ዳሰስኩት። ዙሪያውን ብዳስስ ምንም የለም፣ እንደ ብርጭቆ ለስላሳ ነው። "ምን ጠፋብዎት?" አለኝ። "ስፌቱ የታለ?" አልኩት። ይሄኛው ስፌት የለውም አለኝ፤ የጋለ ድፍን ብረት መሐሉን ወግተው ነው የሚያወጡት። ያኛው ክምር ደግሞ ስፌት አለው፣ ግን የሰው እጅ አይነካውም፤ ማሽኑ ላሜራውን ያጥፍና ሁለቱን ጫፍ በኤሌክትሪክ አግሎ ይጫናቸዋል፣ ይጣበቃሉ፤ ኤሌክትሮድ የሚባለው የብየዳ ሽቦ የለም። ጥሩ አድርጎ አስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው።

"እሺ" አልኩት፣ "ሲፈነዳስ ማንን ያስራሉ?"

ልጁ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም።

የዛሬን አያድርገውና ናዝሬት ያን ጊዜ የምትነቃው በጋሪ ፈረስ ኮቴ ነበር። አዳማ የሚለውም ሰው ነበር፤ እኛ ናዝሬት ነበር የምንለው። ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ወርክሾፕ ነበር፤ ከተወረሰ በኋላም የሰፈሩ ሰው "ጣሊያኑ ጋ" እያለ ነው የሚጠራው። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ ትምህርት የለኝም፣ ግን እዚያ ተቀጥሬ የቱቦ ሥራ ላይ ነበርኩ። ቱታዬ የወንድ ነው፣ እግሩን ወደ ላይ አጥፌ በመርፌ ይዤዋለሁ፤ ጫማዬ የላስቲክ ኮንጎ፣ የብየዳ ፍንጣሪ እዚህም እዚያም የበሳው። ጠዋት በሩ ላይ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም እንገዛለን፣ ሻዩ ከዚያ ትንሽ ይወደዳል። ስኳር በቀበሌ ስለሆነ ሻይ ቤቱ ስኳር ያለቀበት ቀን ከረሜላ አፋችን ውስጥ አድርገን በላዩ እንጠጣበታለን። ወንዶቹ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ እግሩ ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ አፍሮአቸውን አበጥረው ዋናው መንገድ ላይ ይንሸራሸራሉ። ከየቡና ቤቱ ዘፈን ይሰማል፤ ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ዘፈኑ ባለበት ይቆረጥና ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይሮጣል። ያ የተቆረጠ ዘፈን ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ መጨረሻውን አላውቀውም።

ሥራችን እንዲህ ነው። ላሜራው በማጠፊያ ማሽን ይጠቀለላል፣ ሁለቱ ጫፍ ይገጥማል፣ በያጁ ከዳር እስከ ዳር ይሰፋዋል። እኔና ሌሎች ሴቶች በስፌቱ ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ቅርፊት በመዶሻ እናራግፋለን፣ በሽቦ ብሩሽ እንጠርጋለን። ከዚያ ፍተሻ አለ፤ ስፌቱን ከውጭ ኖራ እንቀባለን፣ ከውስጥ ላምባ እናስነካዋለን። ኖራው ላይ የላምባ ጠብታ ከታየ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፣ ይደገማል።

በያጆቹ ሁለት ነበሩ። ጋሽ ቶሎሳ በዕድሜ የገፉ፣ ከጣሊያኑ ጊዜ ጀምሮ እዚያ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የሚበይዱት በጋዝ ነው። ጋዙ የሚወጣበት ካርባይድ የሚባል ድንጋይ ውሃ ሲነካው ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ያወጣል፣ ልብሳቸውም ጺማቸውም እሱን እሱን ይላል። ሁለተኛው ደጀኔ ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚበይደው። ደጀኔ ባሌ ነው፤ ያገባኝም እዚያው ነው፣ ሽማግሌ ሆነው ቤተሰቦቼን የጠየቁለትም ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጠዋት ሲገቡ በኦሮምኛቸው "አካም ቡልቴ፣ አስካለ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኝና ወዲያው ወደ ደጀኔ ይዞራሉ።

"አንተ፣ ያንን እንደ ዝንብ የሚጮኽ ማሽንህን አጥፋው፤ ጆሮዬን በላኝ!"

"ጋሽ ቶሎሳ፣ እርስዎ ቱቦ እየበየዱ ነው ወይስ ቂንጬ እያበሰሉ? እርስዎ እስኪጨርሱ እኛ ጡረታ እንወጣለን።"

"የኔ እስከ ውስጡ ድረስ ይበስላል። ያንተ ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ነው።"

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ነበሩ። የጋዙ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ቀስ ብሎ የሁለቱን ላሜራ ጫፍ እስከ ታች ድረስ አቅልጦ ያጋባቸዋል፤ ከውጭ በይደህ ውስጡን ብታይ ብረቱ አልፎ ወጥቷል። ችግሩ ካርባይድ ይበላል፣ ኦክስጅን ይበላል፣ ሙቀቱም ስለሚበዛ ቱቦው ይጣመማል። የኤሌክትሪኩ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው፤ ግን በወፍራም ላሜራ ላይ እስከ ታች አይደርስም። ስለዚህ ከውጭ ከተበየደ በኋላ ከውስጥም መደገም አለበት። ሁለቱ ከተገናኙ ቱቦው ሌላ ቦታ ይቀደድ እንደሆነ እንጂ ስፌቱ አይላቀቅም። ማን ይበልጣል ብትሉኝ፣ ሁለቱም ወጉ ተጠብቆ ከተሠሩ እኩል ናቸው እላለሁ፤ አንዱን ለማሞገስ ሌላውን ማዋረድ ድሮም አልወድም። መልካቸው ግን አይመሳሰልም። የጋሽ ቶሎሳ ስፌት ሰፋ ያለና ለስላሳ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ። የደጀኔ ጠበብ ብሎ ከፍ ያለ ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ የፍንጣሪ ጠብታ አለው። ወርክሾፑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ አይቶ ይለያቸዋል።

ታዲያ አንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ መጣ። ከዝዋይ ወዲህ፣ ገበሬውን ከየጎጆው አንሥተው በአንድ ሜዳ ላይ አስፍረውት ነበር፤ በመሥመር የተተከለ አዲስ መንደር፣ ጥላ የሌለው። ውሃ ከሐይቁ በፓምፕ ይመጣላችኋል ተብለዋል፤ ቱቦውን የምንሠራው እኛ ነን፤ መድረስ ያለበት ደግሞ ለአብዮት በዓል ነው። የወርክሾፑ ካድሬ ቀን በቀን ይመላለሳል። ሁሌ "ቶሎ፣ ቶሎ!" ስለሚል እኛ በሌለበት ጓድ ቶሎ ቶሎ እንለዋለን። ሥራው እንደተጀመረ ካርባይዱ አለቀ። ጋሽ ቶሎሳ ጥቂት ቱቦ በይደው ወደ ላሜራ መቁረጡ ተመለሱ፤ የቀረው ሁሉ በደጀኔ እጅ ላይ ወደቀ። ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ካድሬው መጥቶ መሐላችን ቆመ።

"ከዛሬ ጀምሮ ከውጭ ብቻ ይበየድ። ውስጡን ማን ያየዋል?"

"ውሃው ያየዋል፣ ጓድ" አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

ሰው ሳቁን ዋጠ። ካድሬው ዞር ብሎ ተመለከታቸው። "ጓድ ቶሎሳ፣ የድሮው ሥርዓት ቀርፋፋነት ገና ከላይህ አልወረደም" አለ። በዚያው የላምባው ፍተሻም ቀረ፤ ላምባ ከየት ይምጣ፣ ቤታችንም በጨለማ ነበር። ደጀኔ አጉረመረመ፣ ኤሌክትሮዱንም ወረወረው፤ ግን አንሥቶ በየደ። እኔም ቅርፊቱን አራገፍኩ። እምቢ ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ ላልነበረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

የምርቃቱ ዕለት በጭነት መኪና ጭነው ወሰዱን። ሞጆን አልፈን፣ መቂን አልፈን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። ዛሬ በዚያ መንገድ ስሄድ ግራና ቀኙ የአበባ ቤት ነው፣ ላስቲኩ ያብረቀርቃል፤ ያኔ ግራርና ነፋስ ብቻ ነበር። የመንደሩ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ከላይ የመጣው እንግዳ የዩኒፎርሙ መታጠፊያ እጅ የሚቆርጥ እስኪመስል ተተኩሷል፤ ቱቦው አጠገብ ቆሞ ረጅም ንግግር አደረገ። ከዚያ ፓምፑ ተነሣ። ቱቦው መጀመሪያ ፉጨት አሰማ። ቀጥሎ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዚፕ ተከፈተና ውሃው እንግዳውን ደረቱ ላይ መታው። ባርኔጣው በረረ፣ እሱም በጭቃው ላይ ተቀመጠ።

አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ ካንዱ ሲበርድ በሌላው እየተቀጣጠለ፣ ስንት ዘመን ተጠራቅሞ የነበረ ሳቅ ነበር። ሴቶቹ እየሳቁም ቢሆን ሮጠው አሸዋው ላይ የፈሰሰውን ውሃ በእጃቸው እያፈሱ ወደ እንስራቸው ይከቱ ጀመር፤ ፓምፑ ሲጠፋ ሌላ እንደማይመጣ ገብቷቸዋል። ካድሬው አልሳቀም። እኔ ዛሬም የምለው፣ ቱቦው ብቻ ፈንድቶ ቢሆን በደመወዝ ቅጣት ያልፍ ነበር። ሰው ያስበላው ያ ሳቅ ነው።

የፈነዳውን ቱቦ መልሰው አምጥተው ግቢው ውስጥ አጋደሙትና ስብሰባ ተጠራ። ያን ጊዜ ስብሰባ ወግ ነበረው፤ ሂስና ግለ ሂስ ይባላል። አንዱ ይነሣና "ሰኞ ዕለት አርፍጄ ገብቻለሁ፣ ግለ ሂስ አደርጋለሁ" ይላል፤ ይጨበጨብለታል፣ መፈክር ይባላል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፤ ስብሰባው እንዲያልቅ፣ የምታጠባዋ ሄዳ እንድታጠባ። ያን ቀን ግን ማንም አልተነሣም። ደጀኔ አጠገቤ ተቀምጧል። ፀሐዩ በረታ። በመጨረሻ ጋሽ ቶሎሳ ተነሡ።

እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በሙሉ ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ጎረቤት ሲያስታርቁ የኖሩ ናቸው። በሽምግልና አንዱ ቀድሞ "አጥፍቻለሁ" ካላለ ነገሩ አያልቅም፤ ካለ በኋላ ግን በእርግጥ ያጠፋው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ይቅር ይባባላሉ፣ ተመርቀው ይለያያሉ። እሳቸው የሚያውቁት ሸንጎ ይኸው ነው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፦

"ጓዶች፣ በዕድሜም በሥራም ታላቅ እኔ ነኝ። ጥፋቱን እኔ ላይ አድርጉት። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉንና ወደ ሥራችን እንመለስ" አሉ።

ካድሬው ቀስ ብሎ ተነሣ። "ጓድ ቶሎሳ አሻጥር መሥራቱን በራሱ አንደበት አምኗል። የተሰበሰበው ሠራተኛ ምስክር ነው።"

ጋሽ ቶሎሳ ገና ምርቃቱን እየጠበቁ ነበር፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ክንዳቸውን ሲይዟቸው እንኳ "ቆይ እንጂ፣ ገና አልጨረስንም" አሉ።

ማታ ደጀኔ ራቱን አልነካም።

"ስፌቱ ያንተ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ምን? ሽማግሌ ናቸው፤ ነገ ይለቋቸዋል።"

"ባይለቋቸውስ?"

"አስካለ፣ ልጆች አሉሽ።"

"እሳቸውም ልጆች አሏቸው።"

"እኔ ነኝ እንዴ ያዘዝኩት? ያዘዘው ይናገር!"

"ያዘዘውም ይናገር፣ የበየደውም ይናገር። ያላዘዘና ያልበየደ ሰው ግን አይታሰርም!"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፈሪ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር የሚለኝ ሰው ካለ ከኔ ጋር ይጣላል። አባት ነበር።

በማግስቱ አልለቀቋቸውም፣ ከዚያም ወዲያ። በሳምንቱ ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ አሻጥረኛውን በሙሉ ድምፅ እንድናወግዝ። "የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" ተባለ። እጅ ወጣ፣ ዓይን መሬት መሬት እያየ። "የሚቃወም?" አለ ካድሬው፣ ለወጉ ያህል፣ መልስ ሳይጠብቅ።

"እኔ" ብዬ ተነሣሁ።

"ጓድ አስካለ፣ አሻጥረኛ ትደግፊያለሽ?"

"የምደግፈው ሐቁን ነው። ቱቦው ያውና ተጋድሟል። የጋዝ ብየዳ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ነው፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ እዚህ እጁን ያወጣው ሁሉ ያውቃል። የበየደው ባሌ ነው። ከውጭ ብቻ ይበየድ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት። ጋሽ ቶሎሳ አይሆንም ያሉ ሰው ናቸው። የግድ የሚታሰር ሰው ካስፈለገ ከሁለታችሁ ይሁን እንጂ ከእሳቸው አይሁን።"

ከኋላዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ደጀኔ ተነሥቷል። ፊቱ አመድ መስሏል። "እውነቷን ነው" አለ። "ስፌቱ የኔ ነው። ታዝዤ ነው።" እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ጠመንጃ የያዙት እስኪመጡ ድረስ አልለቀቀኝም።

ደጀኔን ወሰዱት። ጋሽ ቶሎሳን ግን አልፈቷቸውም። ብጠይቅ የተሰጠኝ መልስ፣ አንዱ አምኗል፣ አንዱ ተመስክሮበታል፣ ስለዚህ አሻጥረኞቹ ሁለት ናቸው የሚል ነው። ካድሬው ብዙ ሳይቆይ በዕድገት ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። የባሌ ዘመዶች ለቅሶ ቤት ሳይቀር "ባሏን ያሳሰረች" እያሉ በጣት ያሳዩኝ ነበር። ያሳዩኝ። ያን ዕለት ቁጭ ብል ኖሮ ባሌን ከአጠገቤ አገኘው ነበር፣ ግን የሌላ ሰው ባል በሱ ቦታ ታስሮ እንዴት አድርጌ ፊቱን አያለሁ? ዛሬም ብትጠይቁኝ ያው ነው የምናገረው።

በባሌ ስፌት ወደ ታሰሩት ሰው ቤት መሄድ ይከብዳል፤ እኔ ስፈራ የጋሽ ቶሎሳ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ራሳቸው በሬን አንኳኩ። ይረግሙኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። "ምሳ ቋጠርሽ?" አሉኝ። "ነይ አብረን እንሂድ፣ መንገዱ ለብቻ ይረዝማል።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ እስር ቤቱ አብረን ነበር የምንመላለሰው። መጠየቅ አይፈቀድም፣ ምግብ ማቀበል ብቻ ነው። እኔ ያለኝን እቋጥራለሁ፤ እሳቸው ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ነበራቸው፣ ገብሱን በቅቤ አሽተው ጭኮ ይሠሩና ያንን ሞልተው ያመጣሉ። ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲመለስ ዘበኛው አንዳንዴ "አንድ ክፍል ናቸው፣ አብረው ነው የሚበሉት" ይለናል፤ ያቺን ይዘን ወደ ቤት እየተሳሳቅን የተመለስንበት ቀን ነበር።

አንድ ጠዋት ዘበኛው የኔን ተቀበለና ሰማያዊውን ምሳ ዕቃ መልሶ ዘረጋው።

"ለቶሎሳ ከእንግዲህ አታምጪ።"

"ተዛወሩ እንዴ?" አሉ እትዬ ብዙነሽ።

"አታምጪ ከተባልሽ አታምጪ!"

በዚያ አጥር ሥር የቆመ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቃል። ከኋላችን የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ብዙነሽ ዕቃውን ተቀበሉት። ከዚያ መልሰው ለዘበኛው ዘረጉለት።

"እንግዲያው ለደጀኔ ስጥልኝ" አሉት። "ገና ትኩስ ነው።"

ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ ተቀበላቸው። አስከሬን አልተሰጠም፣ ድንኳን አልተተከለም። ጥቁር መልበስ ያስጠይቅ ነበር፤ እሳቸው ለበሱ።

ደጀኔ የተፈታው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ከብዙ ሰው ጋር፣ ድንገት። በሩ ላይ የጠበቅነው እኔና እትዬ ብዙነሽ ነን፤ ቤት ይቆዩ ብላቸው እምቢ አሉ። ከስቶ፣ የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ወጣ። ፀሐዩ ዓይኑን ስለወጋው እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ በድምፃችን ነው የለየን። አቀፈኝ፣ እሳቸውንም ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል አነሡት። ብዙ ጊዜ ሳያወራ እንደኖረ ሰው ቃላቱ ይሽቀዳደሙበት ነበር።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ጋሽ ቶሎሳ ቀደሙኝ አይደል! ከክፍላችን ሲጠሯቸው ሊፈቷቸው ነው ብለን አጨብጭበን ነው የሸኘናቸው። በማግስቱ ሰማያዊው ምሳ ዕቃ ለኔ ሲመጣ፣ በቃ ቤታቸው ገብተዋል፣ ድርሻቸውን ለኔ ላኩልኝ አልኩ። ከደስታዬ ብዛት ጭኮውን ብቻዬን ጨረስኩት። ከታሰርኩ ጀምሮ የጠገብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አሁን እንዴት ናቸው?"

እጁን ከግንባሩ አወረደ። ዓይኑ ብርሃኑን ለመደና ጥቁሩን ልብሳቸውን አየ። ክንዱን ያዝኩት።

እትዬ ብዙነሽ በጥቁሩ ነጠላቸው ጫፍ የፊቱን ላብ ጠረጉለት።

"እንኳን በላህ" አሉት። "እንኳን ጠገብክ፣ ልጄ።"